ሠላሳው ቀን እስኪያልፍ

እናቴ ሐኑካን የተማረችው ካረጀች በኋላ ነው። ጎንደር ሳለን እኛ ቤተ እስራኤሎች እንዲህ የሚባል በዓል አናውቅም ነበር፤ የምናውቀው ስግድን ነው፣ ጾሞ ተራራ ወጥቶ መለመንን። እስራኤል ገብተን ናታንያ ኑሮ በጀመርንበት ዓመት፣ ዝናቡ በታኅሣሥ ሲወርድ፣ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ መጥታ መቅረዝና አንድ ካርቶን ሻማ ሰጠቻት። በየማታው አንድ እየጨመርሽ ስምንት ማታ ታበሪያለሽ አለቻት። እናቴ ባረከች፣ አበራች፣ ከዚያ እፍ ብላ አጠፋችው። ለነገ ይሆነኛል ብላ። ነዶ ማለቅ አለበት ብንላት ይህ ሁሉ ሰም ለማን ሲባል ነው የሚባክነው አለችን። ከዚያ በኋላ አላጠፋችም፤ ግን በየዓመቱ ሻማው እስኪያልቅ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በዓይኗ ትቆጣው ነበር።

እኔ ትዳር ይዤ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። እኔ ደግሞ ዕብራይስጥ ስለምችል ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ምኩራብ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከእስራኤል ለሥራ የመጡ ናቸው። በየጠዋቱ ሁለት ባቡር ቀያይሬ እሄዳለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ አመልክቼ ስጠብቅ የቆየሁ ስለሆንኩ፣ ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ ብወጣ ጉዳዬ ይሰረዝ ነበር። ይህን ቤተሰቦቼ በሙሉ ያውቃሉ። ለምን እንደማነሳው ወደ በኋላ ይገባችኋል።

ባለፈው ዓመት እናቴ እንደ ልማዷ ስግድን ልታከብር ኢየሩሳሌም ወጣች። በዚያ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ጾማ ቆማ ዋለች። በማግስቱ ኪስሌቭ ገባ፣ ሐኑካ የሚውልበት ወር ማለት ነው። እሷ ጋ ስደውል ታላቅ ወንድሜ አነሳው። ብርድ መትቷታል፣ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ሐኪሙ እንዳትናገር ከልክሏታል አለኝ። ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪላት፣ ትሰማዋለች አለ። እኔም አመንኩ። ወንድሜን ያላመንኩ ማንን ልመን?

በየጠዋቱ ባቡር ስጠብቅ ለእናቴ ድምፄን እልክላት ጀመር። ሥራ ቦታ ስደርስ ስልኬን አያለሁ፤ ከመልእክቱ ሥር ያለው ምልክት ሰማያዊ ሆኗል፣ ሰምታዋለች ማለት ነው። በዚህ ሰማያዊ ምልክት አንድ ወር ሙሉ ኖርኩ። ልጆቹ ምን እንዳሉ፣ አለቃዬ ምን እንዳለችኝ፣ ወጡ እንዴት እንዳረረብኝ ሁሉ ነገርኳት። መልስ ስለማትሰጥ እንደ ልጅነቴ ሳይሆን ሳትቆጣኝ ሰማችኝ ብዬም ቀለድኩባት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ ታናግረኝ ብዬ ወንድሜን ለመንኩት። በማግስቱ ከእናቴ ስልክ ድምፅዋ መጣልኝ። "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ዛሬ ዝናቡ እየወረደ ነው። መስኮቱን ዘግቻለሁ፣ ሻይም አፍልቻለሁ።" ይኸው ነው። ስሜን አልጠራችም። ደክሟት ይሆናል አልኩ። መዋዕለ ሕፃናቱ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹ ሲተኙ ደጋግሜ ሰማሁት።

የዚያን ሰሞን ነው አንድ ምሥጢር የነገርኳት። "እማዬ፣ ለማንም አትንገሪ። ወረቀቱ መጣም አልመጣም፣ ሐኑካ እንዳለፈ እመጣለሁ" አልኳት። ባለቤቴም አያውቅም ነበር። ምልክቱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰማያዊ ሆነ። ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ ከመሬት ተነስቶ ስለ ወረቀት ማውራት ጀመረ፤ ይህን ያህል ጠብቀን አሁን ብናበላሸው ይቆጨናል ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ሳቅሁበት። ሞኟ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በዓሉ ገባ። ናታንያ ሻማ የሚበራው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ግድም፣ እኛ ጋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት ልጆቹን ለረዳቴ ትቼ በቪዲዮ እናቴን አያት ነበር፤ ያን ዓመት ግን ልጆቹን አሰልፌ አስጨፈርኩ። ስምንት ቀን ዘፈንኩ፣ አጨበጨብኩ፣ ድንች ፍቄ ጠበስኩ፣ ማርማላታ የሞላበት ዶናት ስበላ አፌ ዙሪያ ስኳር ሆነ። አንዲት እስራኤላዊት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ ስጨፍር በስልኳ ቀረጸችኝ። ያ ቪዲዮ ዛሬም አለኝ። ላየውም አልችልም፣ ላጠፋውም አልቻልኩም።

ስምንተኛውን ሻማ ባበራሁ በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ በራችን ተንኳኳ። ባለቤቴ ለብሶ ተዘጋጅቶ ነበር። ስድስት ሰባት ሰው ገባ፣ የሕንፃችን ሰዎች ናቸው። ከፊት የመጡት ከታች ፎቅ ያሉት የወሎዋ እናት ነበሩ፤ በሠፈራችን መርዶ ሲኖር እሳቸው ናቸው የሚጠሩት። ነጠላቸውን ሳይ አወቅሁ። በሀገሬ ሰው በጠዋት ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

"ልጄ፣ እናትሽ አርፈዋል። አላህ ያጽናሽ" አሉኝ።

ጮኽኩ፣ መሬት ወደቅሁ፣ ያዙኝ። ለእናት ልብስ ይቀደዳልና የሹራቤን አንገት ቀደድኩ። ትንሽ ቆይቼ መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ትናንት ነው አሉኝና ወደ ባለቤቴ ዞሩ። እሱ ምንጣፉን ያያል። ደግሜ ጠየቅሁ።

"የስግድ ማግስት" አለ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ። "እኔን ትናንት ነው ብለህ አይደል ያመጣኸኝ?" አሉት። እሳቸውም እንደ እኔ ተታለው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ዛሬም በንጹሕ ልብ የማያቸው እሳቸውን ብቻ ነው።

በጣቴ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለት ቀን።

በሀገራችን መርዶ እንደሚሸሸግ አውቃለሁ። ሰው እስኪበላ፣ ከመንገድ እስኪመለስ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ይህ ሌላ ነገር ነበር። ወንድሜ በስልክ ገባ፣ አለቀሰ፣ አለቀስን። ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ ሕጉን ነገረኝ። በእኛ ሃይማኖት ሐዘንተኛ ሰባት ቀን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ወሬው ከሠላሳ ቀን በኋላ ከደረሰው ግን ሰባቱ ቀርቶ አንድ ሰዓት ይቀመጣል።

"ራቢውን ጠይቄያለሁ" አለ። "አንድ ሰዓት ይበቃሻል። ለአንቺው ብዬ ነው፣ ብቻሽን በሰው ሀገር ሰባት ቀን እንዳትቃጠዪ። መምጣትም አያስፈልግሽም፣ ሁሉም አልቋል፤ የመቃብሩ ድንጋይም ቆሟል።"

ቆጥሮ ነበር ማለት ነው። እኔ ልጆቹን ሻማ ሳስቆጥር እሱ ቀን ይቆጥራል። ለእናቴ የነበረኝን ሰባት ቀን አንድ አንድ እያለ እስኪያልቅ ጠበቀው። ስምንተኛውን ሻማ ሳበራ ሠላሳው ቀን አልፎ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ትራስ አመጣ፣ አልፈልግም አልኩት። ሰዎቹ ዙሪያዬን ተቀመጡ፣ አንዷ የምድጃውን ሰዓት ታያለች፤ ሕጉን ሰምታ እንደሆነ አላውቅም። አንዱ የእናቴን ደግነት ጀመረ፣ አያውቃትም። ሰዓቱ ሲሞላ ባለቤቴ በቃ ተነሺ አለኝ፣ ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ያን እጅ እስከ ዛሬ አላምነውም። አብረን ነው የምንኖረው፣ ይቅር ብዬዋለሁ ግን አልልም።

ከመነሳቴ በፊት ወንድሜን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር።

"መልእክቶቼን ማን ነበር የሚሰማው?"

በስልኩ ውስጥ ዝናብ ይሰማኛል፣ ናታንያ ይዘንባል።

"እኔ ነኝ" አለ። "ካልተሰማ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ነው። እመጣለሁ ያልሽውንም ሰማሁ። ምን ላድርግ? ወረቀትሽ ይበላሽ? ለባልሽም የነገርኩት ለዚያ ነው።"

ያቺ ስለ ዝናብ የምትናገረው ድምፅም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለእሱ የተላከች እንደነበረች ነገረኝ። ስሜን ያልጠራችው ለእኔ ስላልተናገረች ነው። በሞተችው እናቴ ጆሮ ወንድሜ ሲሰማኝ ከርሟል፤ ለእሷ ብቻ የሰጠሁትን ምሥጢር ይዞ ሠላሳ ቀን አሳለፈኝ። ክፉ ሰው ነው አልልም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ይጠላና ያርፋል።

ወረቀቱ በግንቦት መጣ። እስካሁን አልሄድኩም። ለማን ብዬ?

ዘንድሮ ሐኑካ የገባ ጠዋት፣ ባቡር ስጠብቅ፣ ለእናቴ ስልክ ድምፄን ላክሁ። ሻማውን ለነገ እንድታስቀምጠው ነገርኳት፣ እፍ ብላ፣ እንደ መጀመሪያው ዓመት። ቀኑን ሙሉ ስልኬን አወጣሁ መለስኩ። ከመልእክቱ ሥር አንድ ግራጫ ምልክት አለ፤ ስልኩ ተዘግቷል ማለት ነው። ዛሬም በየጠዋቱ ተነስቼ አየዋለሁ። ሰማያዊ ሆኖ እንዳላገኘው እፈራለሁ።