መልሶ የማይደውል ድምፅ

ድርጅቱ ገና በአንዲት ክፍል ውስጥ ሲጀመር ስልክ የምታነሳው እትዬ ነበረች። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ድርጅቱን ከመሠረተው ወጣት ጀምሮ ሁሉም «እትዬ» ይላታል። ሥራቸው ከገበያ የጠፋ መድኃኒት የት ፋርማሲ እንደሚገኝ ለሰው መንገር ነው። ኮምፒውተሩ «የለም» ሲል እትዬ ለፋርማሲዎቹ አንድ በአንድ ትደውላለች። ለጠያቂው የምትለው ሁልጊዜ ያው ነው፤ «እትዬ ነኝ፤ ልፈልግና መልሼ እደውላለሁ።» ተገኘም አልተገኘም ትደውላለች። «ላም አለኝ በሰማይ እያለ ከሚቀመጥ ቁርጡን ይወቅ» ባይ ናት።

አንድ ትልቅ ኩባንያ ድርጅቱን ሲገዛ ኬክ ተቆረጠ፣ ወንበር ተቀየረ። እትዬን ጠባብ ክፍል አስገብተው ማይክሮፎን ፊት ግማሽ ቀን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አስነበቧት። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ለሠራተኞች ማሠልጠኛ ነው አላት። ከዚያ ሪፖርት እንድታጠናቅር ወደ ላይኛው ፎቅ አዛወራት። ስልኩን ማን ያነሳል ብትል «ተስተካክሏል» ተባለች።

አንድ ጠዋት አንድ ልብስ ሰፊ መግቢያው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ለሚስቱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ስትፈልግለት የኖረች የድሮ ደንበኛዋ ነው። በመልክ አይተዋወቁም፤ እሷ መሆኗን የጠቆመው የበሩ ጥበቃ ነው።

«እትዬ፣ ምን በደልኩሽ?» አላት። «መልሼ እደውላለሁ ብለሽ ስልኬን እንደያዝኩ ዋልኩ፣ አደርኩ። አንቺ ካልሽ አይቀርም ብዬ ሌላ ቦታ አልሄድኩም። ትናንት ሚስቴን በሽታው ደረጃ ላይ ጣላት። ግንባሯ ተሰፍቷል።»

ስልክ ማንሳት ከተወች መቆየቷን ምላ ብትነግረው አላመናትም። ድምፅሽ ይጠፋኛል ወይ አለ። ከፊቱ ቆማ ወደ ድርጅቱ ስልክ ደወለች። ከስልኩ የወጣው የራሷ ድምፅ ነበር፤ ያው ሰላምታ፣ ያው «መልሼ እደውላለሁ»፣ ከዚያ ዝም። ልብስ ሰፊው አንዴ ስልኩን፣ አንዴ አፏን አየ።

መጀመሪያ በራሷ ስልክ መድኃኒቱን አፈላልጋ ወዳለበት ሰደደችው። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣች። መሥራቹም እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አልደነገጠም። ደንበኞች ድምፅዎን ይወዱታል፣ ቅሬታ ቀንሷል አላት።

«ቅሬታ የቀነሰው እየጠበቁ ስለሆነ ነው» አለችው።

የሚደውል ሰው ቅጠሩ ብትል በጀት የለም፤ ድምፄን አውጡ ብትል ድምፁ የኩባንያው ንብረት ነው አላት። ወደ መሥራቹ ዞረች። እሱ መስኮቱን ማየት ጀመረ።

«እትዬ፣ እኔም እኮ አሁን ተቀጣሪ ነኝ።»

«ልጄ፣ ወንበሩን ሸጥክ፣ ኮምፒውተሩን ሸጥክ፤ ያንተ ነው። የኔን ቃል ግን ማን ሰጠህና ነው የሸጥከው?»

ወጥታ ሄደች። ስንቱ ሰው ነው አሁን እሷን አምኖ ስልኩን አቅፎ የተቀመጠው?

በሳምንቱ የሥራ ሰዓት ተቀየረና አዲሱን ሰዓት እንድታነብ ያችው ጠባብ ክፍል ጠሯት። ማሽኑን የያዘው ባለሙያ ከመስታወቱ ማዶ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ምሳውን እየበላ ነበር። በዚያ ኩባንያ የተቀዳ ነገር ይጫናል እንጂ ቀድሞ የሚያዳምጠው የለም። እትዬ የተሰጣትን ወረቀት ገለበጠችና ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋች።

«እትዬ ነኝ። ይህ የተቀዳ ድምፅ ነው። እኔ ስልክ ካነሳሁ ቆየሁ። መልሶ የሚደውልልዎ ሰው የለም። አይጠብቁ፤ ሌላ ቦታ ሄደው ይፈልጉ።»

ባለሙያው የድሮውን አጥፍቶ በቦታው ጫነው። ደዋዮች ሲሰሙት ዋሉ። ወደ ማታ ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ሲመጣ እትዬ ቦርሳዋን አንግታ ተነስታለች። ቅጂው መሰረዙን፣ እሷም መባረሯን ነገራት። ከዚያ ግን የድሮውም ቅጂ ስለጠፋ ግራ ገባውና፣ ነገ ለሚደውለው ሰው በምን ድምፅ ምን እንደሚባል ጠየቃት።

«በራስህ ድምፅ ቅዳው» አለችው። «ስምህንም እዚያው ተናገር። ሲያጡህ ማንን እንደሚፈልጉ ይወቁ።»