የእናቴ ቀኝ ትከሻ

ባለፈው ሰኞ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ርዕስ ልጽፍ ክንዴን ሳነሣ ትከሻዬ ቀጭ አለና እዚያው ቀረ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ከኋላ ወንበር አንዱ ተማሪ ሳቀ። ዞሬ ባገኘው ኖሮ ጆሮውን እጠመዝዘው ነበር፤ እንኳንም መዞር አቃተኝ። ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። ከማን እንደወረስኩት ስትሰሙ ይገባችኋል።

እዚሁ ነቀምቴ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ልጅ እግር የሆነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክንዴን ወዲያ ወዲህ አደረገና መርፌም ኪኒንም አያስፈልግዎትም አለኝ። ዕቃ ሲያጥቡ ትከሻዎን ያዙሩት፣ ባጃጅ ሲጠብቁ ያንቀሳቅሱት፣ ቤትዎ ሲገቡ ሙዚቃ ከፍተው ይጨፍሩ፤ ሲጨፍሩ ደግሞ ሐሳብዎ ሌላ ቦታ አይሂድ፣ ክንድዎ የት ድረስ እንደሚሄድ ልብ ይበሉ። ይሄን ሁሉ ዘርዝሮ ሲያበቃ ፈገግ አለ።

"እስክስታ ይችላሉ አይደል?"

አልችልም አልኩትና በሩን ደርግሜው ወጣሁ። ምን አጠፋ ምስኪን? ምንም። እኔ ግን ከጨፈርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ለመጨረሻ ጊዜ የጨፈርኩ ለት የእናቴ አጥንት ተሰበረ።

ያደግሁት ኪራሙ ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ከአጥራችን ማዶ የአገሬው ሰዎች፣ ኦሮሞ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ሴትየዋን አዴ ነበር የምላት። እሷና እናቴ ማሽላ የሚሸከሽኩት በአንድ ሙቀጫ ነው፤ ሁለት ዘነዘና ተራ በተራ ይወርዳል። እናቴ ዘነዘናውን ስታነሣ ትከሻዋን ትሰብቃለች፣ አዴ ስታወርድ በእግሯ መሬቱን ትረግጣለች። በእኛ ቤት ጨዋታ በትከሻ ነው፣ በእነሱ ቤት በእግርና በአንገት። የማሽላው ብናኝ በጠዋቷ ፀሐይ ይነሣና አፍንጫዬን ይኮረኩረኛል፤ እኔም መሐላቸው ገብቼ አንዴ ይቺን፣ አንዴ ያቺን እከተላለሁ። ቅቤ ሲንጡም፣ ወንዝ ወርደው ልብስ በእግራቸው ሲረግጡም እንደዚያው ናቸው። ሥራው የቱ ጋ አልቆ ጭፈራው የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታየኝም ነበር።

ባሎቻቸው ግን ተጣሉ። የአዴ ባል በሬ የአባቴን በቆሎ ገብቶ በላ። ነገሩ ሲንከባለል ከረመና የደቦ ቀን አውድማው ላይ ፈነዳ። መጀመሪያ ቃል ነበር፣ ቀጥሎ ዱላ። የአባቴ ሁለት የፊት ጥርስ ገለባው ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ የሰውየው ግንባር ተተርትሮ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሰው ደግፎ ወሰደው። አባቴ ማታ ቤት ገብቶ ደም እየተፋ ለሁላችንም ተናገረ። የዚያን ሰው ደጅ የረገጠ እግር ቤቴ ቢገባ እሰብረዋለሁ አለ። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነበር።

በዚያው ዓመት አዴ ልጇን ዳረች። እናቴ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ ብላ እህሉን ተሸከመች፣ እኔን አስከተለች። እህሉን ለባለወፍጮው አስረክባ በጓሮ በኩል ሠርጉ ቤት ገባን። አዴ ስታያት እጇን ይዛ ጎትታ መሐል አስገባቻት። እናቴ እግሯን እንደነሱ እየረገጠች ትከሻዋን እንደኛ ሰበቀችው። እንደዚያ ያለ ነገር ዐይቼ አላውቅም። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ፤ የኔ እናት ናት ብዬ አጠገቤ ለቆመው ሁሉ ነገርኩ። ዱቄቱን ይዘን ስንመለስ መንገድ ላይ ቁጭ አለችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አፍሽን ያዢ አለችኝ። እሺ አልኩ።

አፌንም ያዝኩ። እውነቴን ነው፣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

አባቴ ክፉ ብቻ አልነበረም። በሬዎቹን ፈትቶ ሲገባ፣ ደስ ካለው፣ ባልዲ ደፍቶ በጣቶቹ እየመታ "እስኪ ብቅ በይ የኔ ልጅ" ይለኛል፤ እኔም እጨፍርለታለሁ። የዚያን ቀን ማታም ባልዲውን ደፋ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትከሻዬን ሰበቅሁለት። ሳቀ፣ የጎደሉት ጥርሶቹ ታዩኝ። ደስታው ሲጋባብኝ እግሬ ብቻውን ተነሣና መሬቱን መርገጥ ጀመረ፣ አንገቴ ተወዛወዘ፤ ቀን ሠርጉ ቤት ያየሁትን እንዳለ አወጣሁት። የባልዲው ድምፅ ቆመ።

"ይሄን የት አየሽው?"

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። እናቴ ወንፊት ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባቴ ሙቀጫው ውስጥ የቆመውን ዘነዘና መዘዘና አንድ ጊዜ ቀኝ ትከሻዋ ላይ አሳረፈው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። እናቴ ከወንፊቱ የፈሰሰው ዱቄት ላይ ተቀመጠች። እኔ ዘልዬ እጁን ነከስኩት፣ ጥርሴ ሥጋው ውስጥ ገባ። አሽቀንጥሮ ከምሰሶው ጋር አጋጨኝ። ከወደቅሁበት ተነሥቼ ጉልቻ ወረወርኩበት፣ ሳትኩት። እስከዛሬ ስለሳትኩት የሚቆጨኝ ቀን አለ።

በዚያ አካባቢ ስብራት የሚያቀና ወጌሻ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አዴ ናት። አባቴ የነሱን እጅ ቤቴ አላስገባም አለ። ሦስት ቀን ሙሉ የእናቴ ክንድ እያበጠ ጠቆረ። ትኩሳቷ ሲነሣ ለማንም በማይገባ ቋንቋ ትቃዥ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እግሮቼን በገመድ አስሬያቸው ነበር፣ ለቅጣት።

በአራተኛው ቀን አዴ አጥሩን ጥሳ መጣች። ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል፤ ባሏ እንዳትሄድ ከልክሏት ኖሯል። አባቴ ዱላውን አነሣ። እሷ ፈንጠር አላለችም፣ ፊቷን ቀና አድርጋ ሰጠችው።

"አንዱን ዓይን የኔ ባል መትቶታል፣ የቀረውን አንተ ምታ" አለችው በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ከዚያ በኋላ ግን ይቺን እጅ የሚያቀና የለም።"

አባቴ ዱላውን ጥሎ ወጣ። አዴ የእግሬን ገመድ ፈታችና የእናቴን እግር አጥብቄ እንድይዝ አዘዘችኝ። እናቴ ጠፍር ነከሰች። አዴ ስትስበው የሰማሁት ድምፅ ከመጀመሪያው ይከፋ ነበር። በቅቤ አሸችው፣ በሸምበቆ አሰረችው፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ እህቴ እያለች አብራት አለቀሰች።

እስሩ ሲፈታ ክንዷ ከጆሮዋ በላይ አልወጣ አለ። ሦስቱ ቀናት በልተውት ነበር። አዴ አባቴ ባለበት፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ "ሲርቢ" አለቻት፤ ጨፍሪ ማለቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ካልጨፈረች ክንዷ እንጨት ሆኖ ይቀራል፣ መድኃኒቱ ይኸው ነው አለች። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አዴ እየመጣች ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አንድ ሁለት ሦስት እያለች ትቆጥርላት፣ እናቴም በትንሽ ዘነዘና ትጨፍር ጀመር። አባቴ ጭፈራው ሲጀመር ወጥቶ እስኪያልቅ ከአጥሩ ጀርባ ይቆማል። ዳግመኛ አልመታትም ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። ስትጨፍር ግን ነክቷት አያውቅም።

እኔ አልጨፈርኩም። በትምህርት ቤት በዓል አልጨፈርኩም፣ በገዛ ሠርጌ እንኳ እንደ አጥር እንጨት ተገትሬ ነው የዋልኩት። ሰው ኩሩ ናት ይለኛል፣ ይበል።

በኋላ ኪራሙ ላይ ተኩስ መጣ። ቤታችን ተቃጠለ። እናቴ በአንድ ብርድ ልብስ እዚህ እኔ ጋ ደረሰች፤ አባቴ ከቤቴ አልወጣም ብሎ በዚያው ቀረ። ሬሳውን አንሥቶ የቀበረው ያ ጥርሱን የሰበረው ጎረቤታችን መሆኑን የሰማነው ከዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰውየውም የአዴም ወሬ ጠፋ። እናቴ ከዚያ አቅጣጫ ሰው መጣ በተባለ ቁጥር ትጠይቃለች።

እና ባለፈው ሰኞ ከክሊኒኩ ወጥቼ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወደምትገኘው ቤቴ እየተሳደብኩ ገባሁ። ለእናቴ የልጁን ምክር እያጣጣልኩ ነገርኳት፤ ለሕክምና ሄጄ ጨፍሪ ይበለኝ? አልሳቀችም። የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠችና ከበርጩማዋ ተነሣች። ቀኝ ትከሻዋን አዞረችው፤ ክንዷ ጆሮዋ ጋ ደረሰና እንደ ልማዱ ቆመ።

"ነይ" አለችኝ።

ተይኝ እማ አልኳት። አንድ ርምጃ ስትጠጋኝ ሠላሳ ዓመት ያፈንኩት አመለጠኝ።

"እኔ ነኝ ያስመታሁሽ።"

እናቴ እንደ ሞኝ አየችኝ።

"በሩ ላይ ቆሜ አይሽ አልነበር? እግርሽ አንድ ምት ዘግይቶ ነበር" አለች። "ግራው ነው የሚቀድመው። ላሳይሽ ላሳይሽ እያልኩ፣ አንቺ ከዚያ ወዲህ መች እግርሽን አንሥተሽ ታውቂያለሽ?"

እዚያው ቆሜ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቀስኩ። እሷ ግን ጊዜ አልሰጠችኝም፤ የታመመውን ክንዴን በታመመው ክንዷ ያዘችና መቁጠር ጀመረች። የቆጠረችው በአዴ ቋንቋ፣ በአዴ ዜማ ነው። ለማ ላይ ድምጿ ተሰበረና እንደገና ከቶኮ ጀመረች።

ግራ እግሬን አስቀደምኩ።