የግራ እጅ ሰላምታ

ስለ ሁለቱ ድስቶች ልጀምር። ከሁሉም በላይ የኮራሁት በነሱ ነበርና።

ወልቂጤ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። የተወለድኩት ጎጃም ነው፤ እንጀራዬ እዚህ ሆነና ቀረሁ። ትምህርት ቤታችን የስካውት ቡድን ሲያቋቁም "ፊሽካ ያላት እሷ ናት" ተባለና ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ። አብሮኝ የሚሠራው የቡታጅራ ልጆችን የሚመራ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ የመስቃን ተወላጅ፣ ሙስሊም፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው። እኔ "ሼኬ" እለዋለሁ፣ እሱ "ቄሴ" ይለኛል። የቁጣውን ድርሻ ለሁለታችንም እኔ እወጣለሁ።

የሁለቱን ከተማ ልጆች አገና አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ አብረን ልናሰፍር ስንነሳ ወላጅ ሁሉ ጥያቄውን ይዞ መጣ። ልጆቹ ቃለ መሐላ ሲገቡ የማንን ስም ይጠራሉ? ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ "ፈጣሪዬ" በሚለው ተስማማን። ሂጃብ የምታደርግ ልጅ የስካውት ስካርፏን የት ታስራለች? ከሂጃቡ ላይ። አርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቅዳሴ የሚወጣው ይወጣል። ሥጋውስ? ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፤ ይሄ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁለት በግ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ። ጭልፋዎቹ እንዳይደባለቁ በክርስቲያኖቹ ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ክር፣ በሙስሊሞቹ ላይ አረንጓዴ አሰርኩ። አንዷ ልጅ ባለ ቀዩን አንስታ የአረንጓዴውን ድስት ልታማስል ስትል የጮህኩት ጩኸት ጉብሬ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከሁሉ የከበደን ግን ሰላምታው ነበር። ስካውት ለስካውት የሚሰጠው ግራ እጁን ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በግራ እጅ ሰው ሰላም ማለት ንቀት ነው። አንድ አባት "ልጄን ብልግና ልታስተምሩልኝ ነው?" ብለው ሊያስቀሯት ነበር። ያግባባቸው ሼኬ ነው። "አባባ፣ ግራ በልብ በኩል ያለው እጅ ነው። ከልቤ ሰላም እልሃለሁ ማለት ነው" አላቸው። ሳቁና ፈቀዱ። እኔም ዓረፍተ ነገሩን ወደድኩለት፤ ከዚያ በኋላ ለልጆቹ ሁሉ እንደ ራሴ አድርጌ እናገረው ነበር።

የምንሰፍርበት ግቢ እንደደረስን ዕቃ ስንፈታ ኩባያ የያዘው ካርቶን ወልቂጤ ቀርቷል። ባሉን ጥቂቶች እየተቀባበሉ መጠጣት ግድ ሆነ። ከአገና አካባቢ የመጡትም ልጆች ተቀላቅለውን ነበር፤ ከነሱ መሃል አንዲት ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ልጅ ከፌስታል ውስጥ የራሷን ኩባያና የራሷን ሳህን አወጣች። ደስ አለኝ። ኩባያውን ተቀብዬ ወደ ላይ አነሳሁትና ሁሉም እንዲያየው አዞርኩት።

"ይሄው! 'ዝግጁ ሁን' የምንለው ይሄንን ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው የተዘጋጀችው እሷ ብቻ ናት። አጨብጭቡላት!"

ጭብጨባው ቀዘቀዘብኝ። ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሼኬ የድንኳኑን ካስማ የሚመታ መስሎ አጎነበሰ። ልጅቷ ኩባያዋን ከእጄ ተቀብላ ወደ ፌስታሉ መለሰችው። ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ከመተኛታችን በፊት ወደ እኔ መጣች።

"ቲቸር፣ ስካርፉን ስንጨርስ መልሰው ይወስዱታል?"

"አይወሰድም። ቃል የገባ ሁሉ ይዞት ይሄዳል፤ የራሱ ነው።"

"የኔም?"

"የአንቺም ነዋ! ምን ማለትሽ ነው?"

ወደ ድንኳኗ ሄደች። ልጅ ስካርፍ ይወዳል፤ ምን ይደንቃል?

ቅዳሜ በጎቹ ታረዱ። ልጆቹ ሰው ሁሉ ባያቸው ብዬ የምመኛቸው ዓይነት ነበሩ። አንዷ ባለ ሂጃብ ከወልቂጤ የመጣች ባለ ማተብ ጓደኛዋን ስልክ አስይዛ ቲክቶክ ታስቀርጻለች፤ የቡታጅራውና የወልቂጤው አንዱ ለአንዱ ሽንኩርት ይልጣል። "ሼኬ፣ አገሩን እኮ ለኛ ቢሰጡን እናስተካክለው ነበር" አልኩት። ሳቀ።

ምሳ ቀረበ። ማተቧን ስላየሁ ልጅቷን ወደ ቀዩ ድስት ትሪ ላክኳት። አልሄደችም። ሳህኗን ይዛ ቆመች።

"ለኔ በዚህ ይሁንልኝ ቲቸር። ከተረፈው።"

"ምን ማለት ነው ከተረፈው? ስካውት ከጓደኞቹ ተለይቶ አይበላም።" ትከሻዋን ይዤ ትሪው ዙሪያ አስቀመጥኳት።

ትሪውን የከበቡት ስድስቱም ልጆች አንድ ላይ ተነሡ። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም ክፉ ቃል አልወጣውም። ዝናብ ሲጥል ከሜዳ እንደሚነሣ ሰው ተነሥተው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

"ምን ሆናችሁ?" ስል ጮህኩ። መሬት ያያሉ። ደሜ ፈላ፤ ስፈላ ደግሞ አላስብም። የልጅቷን እጅ ይዤ ወደ አረንጓዴው ትሪ ጎተትኳት። "እሺ፣ እናንተስ? ሥጋውን አትነካም፣ ዳቦና ድንቹን ነው የምትበላው!" እነሱም ተነሡ። ከዚያ ከሩቅ ያሉትም ተነሡ። እጇ እጄ ውስጥ እንደ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር።

ሁለቱም ድስት ባለቤት አጣ። ልጆቹ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡና አንዱ ከቦርሳው የቆሎ ከረጢት አወጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን እዚያው አንድ ከረጢት ውስጥ እየከተተ በላ። ለዚህ ነበር ያን ሁሉ ክር ያሰርኩት፤ አብረው ሲበሉ ለማየት። ይሄው አብረው እየበሉ ነው።

ሼኬን ከድንኳኑ ጀርባ ወሰድኩት። "ታውቅ ነበር?"

"ሁሉም ያውቃል። የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።" ድምፁ አልተለወጠም። "ቤተሰቦቿ እንጨት ጠራቢዎች ናቸው። የኛን የሣር ቤት መሃል ምሰሶ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ካላቆሙት ቤቱ ቤት አይባልም። ካቆሙት በኋላ ግን ወደ ውስጥ አይገቡም። የሚበሉት ደጅ ነው፣ በራሳቸው ዕቃ። ሌላ ስምም አላቸው።" ስሙን ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም።

"ኩባያዋን ሳነሣ ለምን አላስቆምከኝም?"

"ሰው ሁሉ ፊት ምን ብዬ?"

"አንተስ? ከሷ ጋር ትበላለህ?"

ይህ ሰው ሌሊት ያመመውን ልጅ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው ነው። "እናቴ ትሰማለች" አለ በመጨረሻ። "ብትሰማ ቤቷ ውስጥ ውሃ አታጠጣኝም።"

የበለጠ የደነገጥኩት በዚህ ነው። ከክፉ ሰው ቢመጣ ምንኛ በቀለለኝ! ደግሞ እኔስ ከሰማይ ወረድኩ? እናቴ ከሸክላ ሠሪዋ ስትገዛ እኔን ከነጠላዋ ሥር ትደብቀኝ ነበር፣ የሴትዮዋ ዓይን እንዳያርፍብኝ። ድስቱን ግን ቤት ወስደን ወጥ እንሠራበታለን። ጎጃም ትቼው የመጣሁት መስሎኝ ነበር።

ቢሆንም አልበረድኩም። ፊሽካዬን ነፋሁና ሁሉንም አሰለፍኩ። "ከሷ ጋር የማይበላ ነገ ቃለ መሐላ አይገባም! ስካርፍ የለም! አለቀ!" አልኩ። ሼኬ ክንዴን ነካ አደረገኝ፤ ወላጆች በስልክ ሰምተው እስከ ማታ ልጆቻቸውን ሊወስዱ እንደሚመጡ አውቅ ነበር። ግድ አልሰጠኝም።

የለመነችኝ እሷ ናት። ሰልፉ ሲበተን ተከትላኝ መጣች።

"ቲቸር፣ በፈጠረዎት ይተዉአቸው። እኔ የለመድኩት ነው። ነገ ከቀረ እኔም አላገኘውም እኮ፤ ስካርፉን ማለቴ ነው። ለታናናሾቼ ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ።"

ምን ልበላት? ተውኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት ከተመለሱ በኋላ ባንዲራው ሥር ቆምን። ድስቶቹ እሳት ላይ ነበሩ። ተራዋ ሲደርስ ሦስት ጣቷን አንሥታ "በፈጣሪዬ ፊት" ስትል ድምፅዋ ከሁሉም ጎላ። ስካርፉን አሰርኩላት። አሁን ቀሪው ሰላምታው ነው፤ አዲሱ ስካውት በሰልፉ ፊት እያለፈ ከእያንዳንዱ ጋር ግራ እጁን ይጨባበጣል፤ መጨረሻ ላይ ሼኬና እኔ እንቆማለን። አንድ ሰው እጁን ቢሰበስብባት፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የመጀመሪያው ልጅ ግራ እጁን ዘረጋ። ሁለተኛዋም። ባለ ሂጃቧም፣ ትናንት ከትሪው የተነሡት ስድስቱም። አንዱም አላመነታም፤ እንዲያውም ጥብቅ አድርገው ይዘው ይወዘውዟታል። ፈገግ አለች። ከመጣች ጀምሮ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ቁጣዬ ሠራ፣ ሌሊቱን አስበውበታል፣ ልጅ እኮ ልጅ ነው እያልኩ ነበር።

ከተማሪዎቹ መጨረሻ የቆመችው የቡድን መሪ ተማሪ ጨብጣት ስታበቃ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ። "ኮራሁብሽ" አልኳት።

የቡድን መሪዋ ግር ብሏት አየችኝ። ጨዋ፣ ደግ ልጅ ናት።

"ግራ እጅ አይደል እንዴ ቲቸር?" አለች። "በሱ አንበላበትም።"

ሰልፉን አየሁ፤ ሁሉም ግራ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ በእርጋታ ቆሟል። ሼኬም ግራውን ሰጣት። ፊቱን ላየው አልፈለግኩም።

እሷ ምንም አልሰማችም መሰለኝ፤ ስካርፏ ደረቷ ላይ፣ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ፣ ግራ እጇን ዘርግታ ፊቴ ቆመች። ደንቡን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ደንቡን ተውኩትና ቀኝ እጄን ዘረጋሁላት።

ፈገግታዋ ጠፋ። እጄን አየች። ከዚያ ጭስ ወደሚወጣበት፣ ወደ ድስቶቹ ዞር ብላ አየች። እጇን መልሳ ሰበሰበችና፣ ሰው እንዳይሰማብኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ቲቸር፣ ገና ምሳ አልበሉም እኮ" አለችኝ።