የተኛው ሽማግሌ ገጽ

በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት፣ ሚም የሚሉት የቀልድ ምስል የሚሰበሰብበት አንድ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አለ። ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው ዊኪ ነው። የአገሩን ቀልድ ሁሉ ሰብስቦ፣ ምስሉ ከየት መጣ፣ መጀመሪያ ማን ለጠፈው፣ ምን ማለት ነው እያለ ይተነትናል። ቀልድ አብራርቶ ያሳቀ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም። አዘጋጆቹ በውሸት ስም የሚኮፈሱ፣ ራሳቸውን የታሪክ ሊቅ ያደረጉ ሥራ ፈቶች ናቸው። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ ያውም ዋናው።

ከደጋ ተመድቤ ሸዋ ሮቢት የመጣሁ አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት መልስ ሙቀቱ ምንም አያሠራም፤ ቬንትሌተር ሥር ተጋድሜ ስልኬን ስነካካ ይመሻል። አንድ የረመዳን ቀን፣ ሽንኩርት የሚያለሙ ሁለት ጎረቤታሞች በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ። እዚህ አገር ስምምነቱን ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው አስተማሪ ነውና ተጠራሁ። የሽማግሌዎቹ አውራ፣ ይፋት ውስጥ የታረቀ ሁሉ የሚያውቃቸው አዛውንት፣ ኒሙ ዛፍ ሥር እንደተቀመጡ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጾመኛ ናቸው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ጥጋበኛው፣ ምሳዬን በልቼ የመጣሁት፣ ከወረቀቱ ሥር ስልኬን አውጥቼ አነሳኋቸው። «ስብሰባው እንደቀጠለ ነው» ብዬም ለጠፍኩት።

አገር ሳቀ። ስብሰባ ያሰለቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ተቀባበለው። ይኼ አልበቃ ብሎኝ መዝገቡ ላይ ገጽ ከፈትኩለት። ምንጭ ካልተጻፈ አይጸድቅም ይላሉና፣ ምንጭ ጻፍኩላቸው! ሸዋ ሮቢት፣ የታወቁ አስታራቂ፣ የመስኖ ጠብ። ስማቸውን ብቻ ተውኩ፤ እሱንም እንደ ጨዋነት ቆጥሬው።

ከዒድ በኋላ አዛውንቱ ቤቴ ድረስ መጡ።

«መምህር፣ ይኼን ነገር አንተ ታውቅበታለህ አሉኝ» ብለው የልጃቸውን ስልክ ዘረጉልኝ። ገጹ ነው። «ወንድማማቾች ላስታርቅ ተቀምጬ፣ ታናሹ ‹ዛሬ ደግሞ እንዳይተኙብን› አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ሽምግልና አልተቀመጥኩም። እባክህ አጥፋልኝ።»

ማን እንዳነሳቸው አያውቁም ነበር። «እሞክራለሁ አባባ» አልኩ።

ገጹን ባዶ አደረግኩት። ሌሎቹ አዘጋጆች ወዲያው መለሱት። ደግሜ አጠፋሁ፤ ደግመው መለሱት። ለካ አንድ ገጽ በተነካ ቁጥር መግቢያው ላይ፣ ዛሬ የተነኩ ከሚለው ዝርዝር አናት ይወጣል! እኔ ደደቡ ሳጠፋ ውዬ፣ ላላየው ሁሉ አሳየሁት። ከዚያ ይጥፋ አይጥፋ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። አንዱ «ቅርስ ነው» አለ። ቅርስ! ጾመኛ ሰው ማንቀላፋቱ ቅርስ! ሌላው «ባለጉዳዩ ራሱ በኢሜል ያመልክት» አለ። ስልክ ሲጠራ አረንጓዴውን መጫን ትናንት የለመዱ ሰው ናቸው እኮ! ገጹ ይቆይ ተባለ። ስድብ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ ያንኑ ደንብ በስንቱ ሰው ላይ ያስከበርኩት እኔው ነኛ። «ታሪክ አይሰረዝም» እያልኩ ስንቱን አጥፉልኝ ባይ አባርሬያለሁ።

ሄጄ አዘጋጆቹ እምቢ ማለታቸውን ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። ያነሳሁት እኔ መሆኔ ግን ከአፌ አልወጣም። እርሳቸው ደግሞ «ደከምክልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እዚህ አዛውንት ዱዓ ሲያደርግ፣ ሙስሊምም ሁን ክርስቲያን፣ እጅህን ዘርግተህ አሚን ትላለህ። ዘረጋሁ።

ለእኔ ጤናና ትዳር ለመኑ። አሚን። ለዝናቡ ለመኑ። አሚን።

«ያን ፎቶ ያነሳውን ሰው፣ ያ ረብ፣ ልብ ስጠው። እኔ ላይ ሰው እንዳሳቀብኝ፣ አንተ እሱ ላይ አታስቅበት።»

እጃቸውን ሳያወርዱ እስክመልስ ጠበቁኝ። አሚን አልኩ።