በባሕሩ ዳርቻ ሆቴል የዘገየው መርዶ

«እና፣ ደብዳቤውን ስንት ቀን ደበቅከው?»

«ሰናይት፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«ስንት ቀን?»

ሰናይት የጓደኛዬ የዳዊት ታላቅ እህት ናት። እዚህ አሜሪካ፣ ቱክዊላ ከሚባል ከተማ የመጋዘን ሥራዋን ጨርሳ፣ ስካይዌይ ሰፈር ያለው ክፍሌ የመጣችው ስለ ወንድሟ የመጨረሻ ወራት እንዳጫውታት ነበር። ሳወራ የደብዳቤው ነገር አመለጠኝ።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ወደዚህ ከመምጣቴ አስቀድሞ፣ እኔና ዳዊት በሃያ ዓመታችን እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠይቀን፣ መልስ እስኪመጣ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ አሮጌ ሆቴል ውስጥ አስቀመጡን። ከተማዋን ያቀናት ባቡር ነው። በኮሪደሩ ፎቶግራፎች ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ከነቤተሰባቸው ለመዝናናት ይወርዳሉ፤ ባሕሩ ውስጥ የገባው ረጅም የእንጨት ድልድይ በሰው ተጨናንቋል። እኛ ስንደርስ ሰዉ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። የድልድዩ ግማሽ ወድቋል። ውሃው ሲሸሽ ግራጫ ጭቃ ዓይን እስከሚደርስበት ይዘረጋል። ከተማዋ የቆመችበትን ገደል ማዕበል በየዓመቱ ይንደዋል፤ ጫፉ ላይ የቀሩት ቤቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ሁዳዴ ነበር። ከዓሣ መጥበሻው ሱቅ ድንች ብቻ ገዝተን፣ ኮምጣጤ አርከፍክፈንበት፣ ነፋሱ እየገፋን እንበላ ነበር።

ግጥም የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛንም ከመጻሕፍት ራሴን ስላስተማርኩ የሁሉንም ደብዳቤ የማነበው እኔ ነበርኩ። የዳዊት በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ዕለት መጣ። ጥያቄው ውድቅ ሆኗል፤ ይግባኝ ካለው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ጠብቅ ነው የሚለው።»

መርዶ እኛ ዘንድ እንዲሁ አይወረወርም፤ ትልቅ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። መጀመሪያ ይፈስክ አልኩ። ከዚያ ዳግማዊ ትንሣኤ ይለፍ። ከዚያ የሆቴላችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ከሆስፒታል ይውጡ። ቀኑን መቁጠር እችል ነበር፤ ግን የማስበው ስለ ፊቱ ነበር። እሳቸው መጥተው አጠገቡ ተቀምጠው ስነግረው፣ የይግባኙ ቀን ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

በመስኮቱ የሚሸሸውን ውሃ እያየ፣ «አሁን ጾም የለም አይደል? ዛሬስ ዓሣ ጨምርልኝ» አለኝ።

አንድ ጠዋት የኢሚግሬሽን ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት፤ ወደ አገር ቤት መለሱት። አገር ቤት ከገባ በኋላ አንዴ ደወለ፤ በሱዳን በኩል ልወጣ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

«እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው» አለች ሰናይት። «አንዴ እንኳ ኮል አድርገህ አልነገርከኝም። ግጥም ግን ጽፈህበታል፣ አይደል?»

«ላንቺም ሰው ባለበት ልነግርሽ…»

አላስጨረሰችኝም። ቦርሳዋን አነሳች። ይቅርታ ልላት ነበር፤ ትንሽ እስክትበርድ ብዬ ስጠብቅ ወጣች። በሩ ተዘጋ።