ሃያ በሃያ የሚቆጥር ሚዛን

አጎቴ የጭነት መኪና ይመዝናል። ከከተማው መውጫ፣ መንገዱ ሰፋ ከሚልበት ቦታ ላይ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ረጅም የብረት ወለል አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ሰፊ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል። አጎቴ እዚያ ተቀምጦ በድምፅ ማጉያ፣ «ሾፌር፣ የኋላ ጎማህ ከብረቱ ውጪ ነው፤ ትንሽ ወደፊት» ይላል። መኪናው ባዶውን ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ጭኖ ሲወጣ አንድ ጊዜ ይመዘናል። ከሙሉው ላይ ባዶው ሲቀነስ የሚቀረው ጭነቱ ነው። ጺም ሳያበቅል የጀመረው ሥራ ነው፤ አሁን ያ ጺም ሸብቷል። ሾፌሮቹ ስሙን ትተው «ሚዛኑ» ነው የሚሉት።

ሥራው ቤታችን ድረስ ተከትሎት ይመጣል። አንዱ ስለ ጎረቤቱ ሀብት ቢያወራ፣ ሌላው ስለ አማቹ ደግነት ቢመሰክር፣ አጎቴ ሻዩን ፉት ብሎ፣ «ባዶውን መዝነኸዋል?» ይላል። ልብሱም መኪናውም ወሬውም ተቀንሶ ሰውየው ራሱ ስንት ይወጣዋል ማለቱ ነው። ላገባው ነው ብዬ ያመጣሁትን ልጅ እንኳ እዚያው ፊቱ ላይ እንዲህ ብሎ አሳፍሮኛል። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ጥሎኝ ሄደ። አጎቴ ልክ ነበር፤ ልክ ነበርክ ብዬ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፣ ወደፊትም አልነግረውም።

ሆዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ይውላል፤ የሚያልፈው ሾፌር ሁሉ በመስኮት ብስኩትና ለስላሳ ያቀብለዋል። ቤት ሲመጣ ሆዱ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ኋላ ይከተላል። ማናችንም ከመሳቅ በቀር ነገሬ ብለነው አናውቅም። እናቴ እስክትታመም ድረስ ማለቴ ነው።

እናቴ ታላቅ እህቱ ናት። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ አዝላ፣ አብልታ፣ ሲያጠፋም ቆንጥጣ ያሳደገችው እሷ ናት። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ደሟን በማሽን ትታጠባለች። እጥበት ክፍሉ በር ላይ ሚዛን አለ፤ ስትገባ ትመዘናለች፣ ስትወጣ ትመዘናለች፤ ልዩነቱ የወጣላት ውሃ ነው። «ጭኜ እገባለሁ፣ አራግፌ እወጣለሁ» ትላለች። «ወንድሜን አንድ ቀን ከሥራ ቢያባርሩት እዚህ ይቀጥሩታል።» ስትቀልድ ፊቷ አይፈታም፤ መሳቅ እንዳለብህ ራስህ ማወቅ አለብህ።

ይሁንና በየወሩ እየደከመች ነበር። ከእጥበት ስትመለስ ደረጃችንን ለመውጣት መሃል ላይ መቀመጥ ጀመረች። አዲስ ኩላሊት ያስፈልጋታል ተባለ። እኔ የእኔን ልስጥ ብዬ ተመረመርኩ፤ አልገጠመም። አጎቴ ተመረመረና ገጠመ። ያን ቀን ልባችን ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ግን ቀዶ ሕክምናውን የምታደርገው ዶክተር አጎቴን ከላይ እስከ ታች አየችውና ዓይኗ ሆዱ ላይ ቆመ።

አንድ አልጋ መሳይ መሣሪያ ላይ አስተኙት። መሣሪያው በላዩ እየተንቀሳቀሰ ስቡን ከሥጋው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ያሳያል። ከመቶው ሠላሳ አምስቱ ስብ ነው አለ።

«ኩላሊትዎ ጤነኛ ነው» አለች ዶክተሯ። «ሆድዎ ውስጥ ያለው ስብ ግን ያሰጋኛል፤ ስኳርዎም ጠርዝ ላይ ደርሷል። እንዲህ እንዳሉ ብቀድዎት ሁለት በሽተኛ ነው የሚኖረኝ። ስቡን ያውርዱ። ከሦስት ወር በኋላ በዚሁ መሣሪያ እናየዎታለን።»

«ሲሶው ስብ ነው ማለት ነው» አለች እናቴ መንገድ ላይ። «የቀረው ደግሞ ወሬ።»

አጎቴ በማግሥቱ የቤት ሚዛን ገዛ። ዘጠና ስድስት ኪሎ አለው። ቀጥሎ ጂም ተመዘገበና እዚያ ያለ ሌላ ሚዛን ላይ በባዶ እግሩ ቆመ፤ ይኸኛው በእግር በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ የስቡን መጠን ይገምታል። ጠዋት ሠላሳ አለው። ማታ ላብ በላብ ሆኖ ቢቆምበት ሠላሳ ሦስት አለው። አጎቴ ክው አለ። ብስኩቱን ትቶ፣ ክብደት አንስቶ፣ ሮጦ፣ በዚያው ቀን ሦስት ጨመረ ማለት ነው? አሠልጣኙ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ውሃ ስትጠጣና ስትጠማ ይለዋወጣል፤ አትመነው» አለውና መቆንጠጫ አወጣ። ደረቱን፣ ሆዱን፣ ጭኑን በየተራ ቆንጥጦ ለካና ደመረ፦ ሃያ ሰባት።

አጎቴ ከመቆንጠጫው ጋር ፍቅር ያዘው። የራሱን ገዝቶ ቤት ወሰደና ሚስቱን ቆንጥጪኝ አላት። እሷም የስንት ዓመት ቂሟን በዚያች መቆንጠጫ ተወጣችው፤ በእሷ እጅ ሃያ ሁለት ወጣ። አሠልጣኙ በኋላ እንዳስረዳን፣ መቆንጠጫ የሚይዘው ከቆዳ ሥር ያለውን ብቻ ነው፤ ዶክተሯን ያሰጋት ግን ከዚያ በታች፣ አንጀት ዙሪያ የተቀመጠው ነው። በዚያ ላይ የቆንጣጩ እጅ በተለወጠ ቁጥር ቁጥሩም ይለወጣል። አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የልብስ ሰፊ ሜትርም ነበር። ሜትሩን እምብርቱ ላይ አዙር ቢባል፣ ከሆዱ ሥር፣ ሱሪው በሚታሰርበት ያዞረውና፣ «ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አልተለወጠም» ይላል። እኔም በስልኬ በየሁለት ሳምንቱ በጎን ፎቶ አነሳው ነበር፤ ግን ካሜራውን ሲያይ ትንፋሹን ስቦ ሆዱን ይደብቃል፤ ከተነሳ በኋላ ሲለቀው ቁልፉ ሊበጠስ ይደርሳል። እንዲህ እያለ ከስድስት ዓይነት መለኪያ መካከል ደስ የሚለውን ይመርጣል። ሰው በሾፌር ላይ እንደዚያ ጥብቅ ሆኖ በራሱ ላይ እንዲህ ሲለሰልስ አይቼ አላውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሦስት ወሩ ሊያልቅ ሲል ግን ደነገጠ። ድንጋጤው መጥፎ መካሪ ሆነበት። ምግብ አቆመ። ጎመንና ውሃ፣ ከዚያ ውሃ ብቻ፣ በመጨረሻ ውሃውንም ቀነሰ። በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ካፖርት ለብሶ ይሮጣል። የቤቱ ሚዛን ሰማንያ ስምንት አለ። አጎቴ ግን በዚህ አልረካም፤ መኪና በሌለበት ሰዓት ወጥቶ የጭነት መኪናው ብረት ላይ ቆመ። ያ ሚዛን ትንንሽ ነገር አያውቅም፤ ሃያ በሃያ ነው የሚቆጥረው። ከሦስት ወር በፊት ቆሞበት መቶ ብሎት ነበር። አሁን ሰማንያ አለው።

«እታለም፣ ሃያ ኪሎ ወረድኩ» ብሎ ለእናቴ ደወለላት።

«ምኑን አወረድከው?» አለች።

ጥያቄዋ ከቀልድ በላይ እንደነበር ያወቅነው ሆስፒታል ስንሄድ ነው። አጎቴ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ሱሪው በገመድ ተይዞ፣ እንደ ሙሽራ እየተኩራራ አልጋው ላይ ወጣ። መሣሪያው ሠላሳ አራት አለ። ከሦስት ወር ሥቃይ በኋላ ከመቶ አንድ።

ዶክተሯ ሥዕሉን አዙራ አሳየችው። ከወረደው ኪሎ ከግማሽ በላዩ ጡንቻና ውሃ ነበር። ስቡ ዙፋኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው ማለት ይቻላል። «እንዲህ ደክመው ቀዶ ሕክምና አይገቡም» አለች። «ስድስት ወር ያስፈልግዎታል።»

ስድስት ወር ለእናቴ ምን ማለት እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ በአጎቴ በጣም ተናደድኩ፤ ዓይኑን ሳየው ደግሞ ንዴቴ ጠፍቶ ፍርሃት ብቻ ቀረኝ። ቀድማ የተናገረችው እናቴ ናት።

«አንተ» አለችው፣ «በሚዛን ቀን ቀለው ለመታየት ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማቸውን አውርደው ጥሻ ውስጥ የሚደብቁ ሾፌሮችን ስትይዝ ነው የኖርከው። ዛሬ ራስህ ጭነቱን ትተህ ሞተሩን አውርደህ መጣህ?»

ዶክተሯ የአጎቴን ሥራ የሰማችው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «መኪና ባዶውን በአንድ ሚዛን፣ ጭኖ ደግሞ በሌላ ሚዛን ቢመዘን ይቀበላሉ?»

«በፍጹም።»

«ለምን?»

«ሚዛን ሁሉ የየራሱ ስህተት አለው። ልዩነቱ እውነት የሚሆነው ሚዛኑ አንድ ሲሆን ነው።»

«እንግዲህ» አለች ዶክተሯ። «የቤትዎ ሚዛን፣ መቆንጠጫው፣ የእኔም መሣሪያ እርስ በርስ አይስማሙም፤ አይስማሙ። አንዱን ይምረጡ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ እጅ ይለኩና ከራሱ ጋር ብቻ ያስተያዩት። እስከዚያ ይብሉ፣ ይተኙ፣ ክብደት ያንሱ።»

አጎቴ የሰፊ ሜትሩን መረጠ፤ ቦታውም እምብርት ላይ ተባለ። እጁ ግን የእናቴ ነው ብሎ ቆረጠ፤ በራሱ እጅ እምነት አጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይመጣል። እናቴ መጀመሪያ ሜትሩን ታዞራለች፤ ቀጥላ ደግሞ ሁለት ክንዷን ወገቡ ላይ ትጠመጥማለች።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት መለኪያ ነው?» አላት የመጀመሪያ ቀን።

«ሜትሩ ለሐኪሟ ነው። እኔ አዝዬ ያሳደግኩህን በክንዴ ነው የማውቅህ» አለችው። ጣቶቿ ከኋላው አልተገናኙም፤ አንድ ስንዝር ቀራቸው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ነገሩ ቀስ ብሎ መጣ። ከቤት ወደ ሥራ በእግሩ መሄድ ጀመረ። በሚዛን ክፍሏ ጥግ ሁለት የብረት ክብደቶች አስቀመጠና መኪና በሌለ ጊዜ ያነሳል። ሾፌሮች አሁን እንቁላል ነው የሚያቀብሉት፤ ብስኩት ያመጣ ሾፌር ጎማው ብረቱ ላይ ቢሆንም ባይሆንም ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይባላል።

በሁለተኛው ወር የቤቱ ሚዛን ከሰማንያ ስምንት ወደ ዘጠና ወጣ። አጎቴ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። አሠልጣኙ ጡንቻህ እየተመለሰ ነው ቢለውም አላመነም። እናቴ ሜትሩን አዞረች፤ ቀንሷል። ከዚያ በክንዷ አቀፈችው፤ የመሃል ጣቶቿ ጫፍ ለጫፍ ተነካኩ። «ሚዛንህን ለልጆች መጫወቻ ስጣቸው» አለችው። ከዚያ ወዲያ ኪሎውም መውረድ ጀመረ፤ አጎቴ ግን ስንት እንደሆነ መጠየቁን ትቶ ነበር።

እናቴም ጠበቀች። እንዴት እንደጠበቀች እኔ አውቃለሁ፤ አጎቴ በሚመጣበት እሁድ ብቻ ድካሟን እንዳያይባት ደረጃው ላይ ሳትቀመጥ ልትቀበለው ትወርዳለች፤ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች።

ስድስት ወሩ ሲሞላ አጎቴ አልጋው ላይ ወጣ። መሣሪያው ሃያ ስድስት አለ፤ ስኳሩም ወርዷል። ዶክተሯ ቀን ቆረጠች። አጎቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው።

«ዶክተር፣ የምሰጣት ኩላሊት ስንት ትመዝናለች?»

«አንድ ብርቱካን ታክላለች።»

በዚያው ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ በሥራ ቦታው በኩል አሳለፈን። እኔን ክፍሏ ውስጥ አስቀመጠና እናቴን ይዞ ብረቱ ላይ ቆመ። «ስንት ይላል?» አለ። መቶ አርባ ይላል አልኩት። «ይሄ ባዶው ነው፤ ያዥልኝ» አለ።

ቀዶ ሕክምናው ለሁለቱም በደህና አለፈ። ሰውነቷ ኩላሊቱን ተቀበለው፤ እጥበቱም ቀረ። አጎቴ ሥራ ሲመለስ እናቴና እኔ ልናየው ሄድን፤ እሷም መንገዱን በእግሯ ሄደች። አጎቴ ሰላም እንኳ በቅጡ ሳይል እጇን ይዞ ወደ ብረቱ ወሰዳት። እኔም ሳይነግረኝ ክፍሏ ውስጥ ገባሁ። ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ብሎ ረጋ። በድምፅ ማጉያው፣ «መቶ አርባ» አልኩ።

«አየሽ እታለም» አለ አጎቴ። «ምንም አልጎደለም። ጭነቱ መኪና ቀየረ እንጂ።»

«ሚዛንህ እኮ ብርቱካን አይቆጥርም» አለች እናቴ።

ከዚያ ጠባሳው እንዳያመው ጠንቀቅ ብላ ሁለት ክንዷን ወገቡ ላይ ጠመጠመች። ጣቶቿ ከኋላው ተገናኙ፤ ተገናኝተውም አልቀሩ፣ እርስ በርስ ተቆላለፉ። ለክታ ስትጨርስ ሁልጊዜ ትለቀው ነበር። አሁን አልለቀቀችውም። ከኋላቸው አሸዋ የጫነ መኪና መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ትንሽ ታገስ ልለው ድምፅ ማጉያውን አነሳሁ። ሾፌሩ ግን ራሱ አየና ሞተሩን አጠፋ።