ደሴት ከባሕር አይያዝም

ከመርከብ በተነሡ አውሮፕላኖች ሳይታሰብ የተደበደበ ደሴት፣ በማግስቱ ወታደር ቢወርድበት ይያዝ ነበር ትላላችሁ?

ልጅ ሳለሁ፣ ምጽዋ ደሴት ላይ፣ የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበሩት አጎቴ ይህን ጥያቄ የምሽት ተረት አድርገውት ነበር። ዓሣው ከሰል ላይ እየተጠበሰ፣ ፋኖሱ በባሕሩ ነፋስ እየተወዛወዘ፣ ያኔ እኔና ታላቅ ወንድሜ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብለን፣ ጃፓኖች በእሑድ ጠዋት ሃዋይ ደሴት፣ ፐርል ሃርበር ላይ አሜሪካኖቹን እንዴት እንደደረሱባቸው እንሰማ ነበር። አጎቴ የጠፋ ከሰል ትሪ ላይ ደርድረው መርከብ ያደርጉታል።

«ታዲያ ለምን ወርደው አልያዙትም?» ይላል ወንድሜ፣ መልሱን እያወቀ።

«በምን ጭነው? ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጠው ወታደሩን፣ ውሃውን፣ ነዳጁን በምን? አውሮፕላን ያቃጥላል እንጂ አይቀመጥም። ደሴት ከባሕር አይያዝም፣ ልጄ።»

አንድ ምሽት እኔ፣ «የእኛ ደሴትስ? የብሱ እዚሁ አጠገባችን አይደል?» አልኩ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። በቤታችን ተረቱን ጨርሶ ምክሩን የደመደመ ታላቅ ሰው አይጠየቅም። አጎቴ፣ «ይቺ ደግሞ አድሚራል ልትሆን ነው» ብለው አሳቁብኝ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ አድጎ እዚያው ወደብ መጋዘን ውስጥ ተቀጠረ። ከአማፂዎቹ ጋር ያለው ጦርነት ወደ ከተማዋ ሲጠጋ እኔ አምስተርዳም ነበርኩ፤ ውጣ ብዬ በስልክ ለመንኩት።

«አንቺ አድሚራል፣ ረሳሽው እንዴ? ደሴት ከባሕር አይያዝም» አለኝ።

አማፂዎቹ ከቅርቡ የብስ ዳር በትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች መጡ። ከተማዋ ተያዘች፤ ወንድሜ የት እንደወደቀ እንኳ የነገረን የለም።

በቅርቡ እዚሁ ሆላንድ፣ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳርቻ ተቀምጠን፣ የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤቷ ስለ ፐርል ሃርበር ጥቃት ልትጽፍ ኖሮ፣ «ኦማ፣ አያቴ፣ አንቺ ብዙ አንብበሻል። ቢወርዱ ኖሮ ሃዋይን ይይዙት ነበር?» አለችኝ።

«አይይዙትም» አልኳት። በስደት ዘመኔ ስለዚያ ጥቃት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ አጎቴ ልክ ነበሩ። ያን ደሴት ርቀቱ ነው የጠበቀው። እኛ ርቀት አልነበረንም፤ ይህን ደግሞ አንዲት ልጅ ጠይቃ ነበር።

ሮተርዳም ያሉት የንስሐ አባቴ፣ «ሁሉም በየዋህነት ነው፣ ይቅር በዪ» ይሉኛል። እኔ ግን ያስተማሩትን አጎቴን፣ የቆነጠጠችኝን እናቴን፣ አምኖ የቀረውን ወንድሜን ራሱን፣ ማንንም ይቅር አላልኩም። አልልምም።